ከሃምሳ ሰው በላይ ስላየው ፎቶ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ በሪሁን
የሦስቱ ከተሞች የካሜራ ክበብ የመረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቡራዩ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ በተለይም የእኛን ፎቶዎች በመመርመር ለደከሙት ዓይኖችዎ ጤና እመኛለሁ። የሱሉልታው አባልዎ እኔ የሺጥላ ደህና ነኝ፤ ጭጋጋችንም ደህና ነው። በግልጽ የምጽፍልዎ ኮሚቴው የእኔን ፎቶ ከዘንድሮው የጥቁርና ነጭ ውድድር መሰረዙን በቴሌግራም ገጹ ለሁሉም አባል ስላበሰረ፣ ምስጋናዬም ያንኑ ያህል ሰው ዘንድ ቢደርስ ተገቢ መስሎኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ፎቶው የአከራዬ የኦቦ ጎበና ነው። ኦቦ ጎበና ዕድሜያቸውን በሙሉ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ድርቆሽ ሲከምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ኅዳር ላይ፣ ገና ያላለቀ ክምር ላይ ቆመው፣ መንሻቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ወደ ታች ወደ እኔ ሲያዩ አነሳኋቸው። ሳሳያቸው አገላብጠው አዩትና «ይሄን አስቀምጥልኝ፤ ለድንኳኔ ይሆናል» አሉኝ። ጥር ላይ አረፉ። ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም፤ መታወቂያቸው ላይ ያለው ከአገጫቸው እስከ ግንባራቸው ማኅተም አርፎበታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ ሲጠይቁኝ በትልቁ አሳትሜ ሰጠሁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ኮሚቴውም «ከውድድሩ በፊት ከሃምሳ ሰው በላይ በተገኘበት ስፍራ ለእይታ የቀረበ ሥራ አይወዳደርም» በሚለው ደንብ መሠረት ሰረዘው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው። ታኅሣሥ ላይ ሰበታ ለተደረገው ስብሰባ፣ ከሦስቱ ከተሞቻችን ከአንዱ ወደ ሌላው አዲስ አበባን ሳያቋርጥ የሚሄድ ታክሲ ስለሌለ ግማሽ ቀን ተጉዤ ሦስት ፎቶ ይዤ መጣሁ። ላስገባ ያሰብኩት በጭጋግ ውስጥ የተነሳውን የታክሲ ሰልፍ ነበር። እርስዎ ግን ሰልፉን ወደ ጎን አድርገው፣ የኦቦ ጎበናን ፎቶ ወደ መስኮቱ ወስደው አዩትና «ይሄ ሰውዬ ያወራል» አሉ። ለሰባት ዓመት ያቀረብኳቸው ፎቶዎች አንድ ዓመት ሰማይ በዝቶባቸው፣ አንድ ዓመት ሰማይ አንሷቸው፣ በቀሩት ዓመታት ደግሞ ግራጫው ስላልበሰለ ተመልሰዋል። ይህ የመጀመሪያው ያለፈ ፎቶዬ ነበር። ሁለት ወር ያህል ያለፈ ፎቶ ባለቤት ሆኜ እንድኖር ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ፤ ደስ የሚል ኑሮ ነው።

ሁለተኛ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሪት ዕድላዊት ለቅሶ ስለደረሱ። ከቡራዩ ድረስ መምጣታቸው ቀላል አይደለም። ነጠላቸውን እንደ ወጉ ለብሰው ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ፣ ሲወጡም በስልካቸው ድንኳኑን ፎቶ አነሱ። በማግስቱ ያ ፎቶ ማስረጃ ሆነ። እኔም እንደ አባል ሥራቸውን መመርመር መብቴ ነውና መረመርኩት። ባለቀለም ነው። ዘሟል። አንድ ሦስተኛው የተደራረበ የፕላስቲክ ወንበር ነው። የእኔ ቢሆን ኖሮ ከበር ይመለስ ነበር። ሆኖም ከድንኳኑ መሐል፣ አብረዋቸው ድርቆሽ ሲከምሩ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ኦቦ ጎበናን ሽቅብ እያዩ አንድ ነገር ሲነግሯቸው ይታያል። እውነቱን ለመናገር ከእኔው ይሻላል። ወይዘሪት ዕድላዊት ቀለሙን አጥፍተው ቢያስገቡት ድምፄን እሰጣቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ባለ ምስሉ በአካል ቀርበው ፈቃደኛነታቸውን እንዲያረጋግጡ ኮሚቴው ስለመጠየቁ። ኦቦ ጎበና ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ኮሚቴው በማናቸውም የሥራ ሰዓት ቢመጣ ያገኛቸዋል።

አራተኛ፣ እዚህ ላይ ድካሜን ይታገሱኝ፤ ዋናው ይህ ነው። ማክሰኞ ዕለት ስልክ ደውለው፣ መቼም ክፉ ሰው እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ መላ ነገሩኝ። «የሺጥላ ወንድሜ፣ ለቅሶው ላይ ሃምሳ ሰው አልሞላም ብለው ባለቤትየዋ አንዲት መስመር ይፈርሙልህ፤ ፎቶው ይመለሳል። ደግሞስ ማን ቆጠረ?» አሉኝ። ውድድሩ ሊደርስ ነው፤ ፎቶው አሸነፈ ቢባል አዲስ አበባ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል፤ ይህን ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ስለዚህ ምክርዎን ይዤ ወደ ወይዘሮ አረጋሽ ሄድኩ።

የዕድሩን ወንበሮች እያስቆጠሩ ሲመልሱ አገኘኋቸው። መላውን አስረዳሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ዋቃ ኮ! አምላኬ!» አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው፣ «ጎበና ከማን ለቅሶ ቀርቶ ያውቃል? ዝናብ ሲወርድ፣ ከጫንጮ ወዲያ ድረስ በእግሩ። እኔ ራሴ ስንቱን ቀን ‹ይሄን እንኳ ተወው፣ አታውቀውም› ስለው ጥሎኝ ሄዷል። ታዲያ እሱ ሲሞት ሃምሳ ሰው አልመጣለትም ብዬ ልፈርም? በሬን ዘግቼ ቀበርኩት ልበል? ለፎቶ?»

እኔም ለጥቂት ቀን ወረቀት ላይ ብቻ የሚቆይ ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ወንበር ቆጣሪውን ሰውዬ «ቆይ እስቲ» ብለው አስቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ክበባችሁ ሽልማት የሚሰጠው ሰው ለሌለው ሰው ነው እንዴ?»

ክቡር ሰብሳቢ፣ ለዚህ ጥያቄ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ መልስ ፈልጌ አላገኘሁም። እርስዎ ካገኙ በገጹ ላይ ቢያወጡልን ሁላችንም እንማርበታለን።

ስለዚህ አይፈረምም። ፎቶው ከውድድሩ እንደወጣ ይቅር፤ በምትኩ ሌላ እንዳቀርብ በዚያው ስልክ የሰጡኝንም ዕድል በአክብሮት እመልሳለሁ። አንዲት ትንሽ ልመና ብቻ አለችኝ። በማስታወቂያው ላይ «በደንብ ጥሰት የተሰረዘ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ሰው የኖሩት ጥሰት ሳያውቁ ነው፤ ስማቸው ከዚያ ቃል ጎን ባይቆም ደስ ይለናል። «ብዙ ሰው ስላየው የተሰረዘ» ተብሎ ይታረምልን። ቃሉም ትክክል ነው፣ ለደንቡም አይከብድም፤ ወይዘሮ አረጋሽም በዚህ ላይ ካስፈለገ በሁለት እጃቸው ይፈርማሉ።

ለጥበብ ሲሉ ማንም ያላየውን ለሚፈልጉት ዓይኖችዎ፣ ለኮሚቴው ያልተዛነፈ አድማስ፣ እንዲሁም እስከ ሃምሳ ለሚዘልቀው የቆጠራ ትጋታችሁ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በክበቡ መዝገብ ላይ ስሜ እስካለ ድረስ ታዛዥ አባልዎ ነኝ።

የሺጥላ
ሱሉልታ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ አረጋሽ የአርባውን ተዝካር ስለሚያወጡ ኮሚቴውን በሙሉ ጠርተዋል። ፎቶውም እዚያው ይሰቀላል። መቁጠር ለሚፈልግ በሩ አጠገብ ወንበር ይዘጋጅለታል።