አውፍ ልል የዞርኩበት ሳምንት

ዓርብ፣ ጥር 6፣ ማታ

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ሙና ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፍ ግን አለኝ። አንተ ደብተር፣ ያልኩህን እንዳለ ያዝ። ላለስልሰው ብትልህ እሺ አትበላት።

ማክሰኞ በራሪ ነኝ፣ ለዑምራ። ትኬቱን የቆረጠልኝ ጅዳ ያለው ልጄ ነው። መካ የሚሄድ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ አውፍ በሉኝ ይላል፣ ይቅር ይባላል። ሳምንቱን አሰላን አዳረስኩ። የቀረኝ ኦቦ ከድር ነበር፣ ኢተያ። በእርሻ ድንበር ከተጣላን ወዲህ ሰላምታ የለንም። ዛሬ ሄድኩ። ጉሮሮዬን ከርክሮኛል፤ የስንዴ አቧራ ነው። ከድር በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

"አለህ እንዴ? ቀብርህ ያመለጠኝ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

ሳቅን። ተቃቅፈን አለቀስን። ከአንድ ሳህን በላን።

ሰኞ፣ ጥር 9

ሻንጣዬ ተዘግቷል። ትናንት አዳማ አፍንጫዬ ውስጥ እንጨት ከተው የኮሮና ምርመራ ወሰዱ። ነጻ የሚል ወረቀት የሌለው አይሳፈርም። ዛሬ ደወሉ፤ አለብዎት አሉኝ። እኔን። ትናንት ኩንታል ያነሳሁትን። ዶክተሩ ሳያሳምምም ይኖራል ይላል። ድገመው አልኩት። ከሳምንት በኋላ ይምጡ አለኝ። ልጄ ደግሞ ትኬቱ ይዛወራል ይለኛል። ዕድሜዬንስ ማን ያዛውርልኛል?

ሙና ክፍል ውስጥ ዘግታብኛለች። በመስኮት ነው የምናገረው፤ እሷ ውጭ ማስክ አድርጋ ትጽፋለች። ምሳዬን ደፍ ላይ አስቀምጣ ትሸሻለች። እንደ ውሻ። ጻፊው፣ አትዝለይው።

ረቡዕ፣ ጥር 11

አውሮፕላኑ ትናንት ሄደ። እኔ ግድግዳ አያለሁ።

ከኢተያ ወሬ መጣ። ከድር ተኝቷል፤ ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቤተሰቡ ብርድ ነው ብለው ዝንጅብል ያጠጡታል። ደሜ ፈላ። እሱ ነው ያስያዘኝ። ሲሸኘኝ እጄን አልለቅም ያለው ለዚህ ነው። በአፉ ይቅር ብሎ መካን ነሳኝ። ከነዘሩ ልረግመው ስል ሙና መጻፏን አቆመች።

"አባባ፣ ወደ እሳቸው ከመሄድዎ በፊት አይደል እንዴ ለጉሮሮዬ ማር አምጪልኝ ያሉኝ?"

ብያለሁ። ዓርብ ጠዋት።

አቧራ አልነበረም። አውፍ በለኝ እያልኩ በሽታ ይዤበት የገባሁት እኔ ነኝ። ስንት ቤት ገባሁ፣ ስንቱን አቀፍኩ። አሁን የምጮህበት ሰው የለኝም፤ ይሄ ነው ያናደደኝ።

ሙና መልእክት ልላክ ትላለች። አይሆንም፣ ራሴ ነው የምናገረው። ጻፊ።

ከድር፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብህ። ብርድ አይደለም። ዝንጅብሉን ተውና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ስትድን መጥተህ ስደበኝ። ተነስ፤ ቀብሬ እንዳያመልጥህ።

ከሱ በኋላ ሌሎቹም ቤቶች ይደወልላቸዋል፣ አንድ ሳይቀር። ስልኩን በመስኮት አቀብዪኝ። መጀመሪያ ግን ያልኩትን አንብቢልኝ፤ ሳልንተባተብ እንድለው።