የምንጩ አጥር

ለወንድሜ ሁዛይፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ቤተሰቡ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ እዚህ ሲያትል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

ኦቴሎ ሰፈር ካለው ሱቄ ጀርባ የነበሩትን ዛፎች ቆርጠው ቦታውን ፓርኪንግ አደረጉት። ዝናቡም እንደ ድሮው ማካፋቱን ትቶ ባንዴ ይወርዳል፤ ጎርፉ ሱቄ ድረስ ይገባል። ልጄ ነጅዋ «ታዲያ ውሃውን ይጠጡልህ የነበሩት ዛፎቹ ናቸው» ብላ ሳቀችብኝ።

ያኔ ምንጫችን ትዝ አለኝ። ከብት እንዳያደፈርሰው እጠረው ብዬህ ነበር። ለዒድ በላክኸው ፎቶ ላይ አጥሩን አየሁት፤ ባህር ዛፍ ነው። ቁመቱ አንተን አልፏል። ዝናብ ጠፋ ባላችሁበት ዓመት ምን ጠጥቶ አደገ?

እማን አገናኘኝ ስልህ «ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች» ትላለህ። ድሮ ምንጩ ጋ ሆና ከደጅ ስንጠራት ትሰማን ነበር። አሁን በእናንተ ጠዋት ስደውል የለችም፤ ከሰዓት ስደውልም አልተመለሰችም። «መንገድ ላይ ወሬ ይዛ ይሆናል» አልከኝ። እማ ከመቼ ወዲህ ነው ወሬ የወደደችው?

ስልኩን ይዘህ ምንጩ ድረስ ውረድና ውሃውን በቪዲዮ አሳየኝ። ኔትወርክ የለም እንዳትለኝ፤ ለሌላ ነገር ሲሆን አይጠፋም።

አላህ ሁላችሁንም ይጠብቅልኝ። ለእማ፣ ስትመለስ፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ ሙሐመድአሚን