አባባ ስለ አጋዘኑ ያልነገሩሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለማርሊስ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ያ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቃስትሻል? ባልሽ ኢየን ደህና ነው? ልጆቹስ? በጎቹስ በሰላም ወለዱ? እናንተ ዘንድ፣ በምድር ማዶ፣ ጸደይ ገብቶ ግልገሉ ሲቦርቅ እኛ ጠዋት ጠዋት የመኪና መስታወት በረዶ እንፍቃለን። ያንቺ ናፍቆት ግን ወቅት አይመርጥም፤ ከረምሽብን እኮ እቴ።

እኔ ደህና ነኝ። ሚስቴ ቦኒም እንደ ልማዷ ስትቆጣኝ ትውላለች፤ ስለዚህ ጤነኛ ናት። አባባም ደህና ናቸው ብዬ ባልፈው ምንኛ ደስ ባለኝ። ግን ደህና አይደሉም። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ማድቤት ግድግዳ ላይ ስለሆነና አንቺ በምትደውዪበት ሰዓት አባባም ከሥሩ ካለው ወንበር ስለማይነሱ ነው። ደግሞም "ለማርሊስ ብትነግራት ዓይንህን አላይም" ብለውኛል። አፌን ይዤ ሰነበትኩ፤ አልቻልኩም። እንቅልፍ ነሳኝ።

ባለፈው ስትደውዪ "ባለ ትልቅ ቀንድ አጋዘን ጣልኩ፤ ፍሪዘሩ በሥጋ ሞልቷል" ሲሉሽ እልል ልትዪ ምንም አልቀረሽም ነበር። ድምፅሽ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። አጋዘኑን መምታታቸው እውነት ነው። የሥጋው ነገር ግን ውሸት ነው እቴ። ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ቦኒ ከሱቅ ያመጣችው ዶሮ ነው።

የመንግሥትን ደን አሁን ብታዪው አታውቂውም። ልጆች ሆነን ከአባባ ጋር ስንገባ ቀኑን ሙሉ የሰው ዘር ሳናይ እንወጣ አልነበር? ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ማቆሚያው የገበያ ቀን ነው የሚመስለው። ፒካፕ በፒካፕ ላይ ነው። ሁሉም ዛፍ ላይ የሚሰቅለውን ማማ በጀርባው አዝሎ፣ ባትሪውን ግንባሩ ላይ አስሮ ወደ ውስጠኛው ረግረግ ይከንፋል። አንዱ ከሌላው ማማ አጠገብ ማማ ይሰቅላል፤ ከዚያ "ቦታዬን ልቀቅ!" "የአባትህ ርስት ነው እንዴ?" እየተባባሉ ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ነው። አንዱን ደግሞ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ለቪዲዮ ካሜራ ሲያወራ ሰማሁት። እንኳን አጋዘን እኔም ሸሸሁ።

የአባባ ትከሻ ካቻምና ጀምሮ እንደማይታዘዝ ነግሬሻለሁ። ደጋናቸውን ስበው ጉንጫቸው ላይ ማድረስ አቃታቸው። እኔ አሳቢ ነኝ ብዬ የቦኒን ወንድም ባለ ቃታ ደጋን ተውሼ አመጣሁላቸው፤ ሕጉም ለሽማግሌ ፈቅዷል። እባብ ይዤ የገባሁ ይመስል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ይሄ ጠመንጃ ነው! ስላልጮኸ ደጋን አይሆንም። ከቤቴ አውጣልኝ!" ብለው ጮኹብኝ። ለካስ እሳቸው በጓሮ በኩል የራሳቸውን ደጋን አላልተው አላልተው የልጅ መጫወቻ አድርገውታል። ይህን ያወቅሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ጭንቅላታቸው ግን አላረጀም፤ ይህን ልመስክር። የአደኑ ወቅት ከመከፈቱ በፊት መኪና ማቆሚያው ዳር ካለው ሽንት ቤት ጀርባ፣ ከእሾሃሙ ቁጥቋጦ የሚወጣ የአጋዘን ዱካ አገኙ። "አየህ ዱዌይን፣ ሰው ሁሉ ሩቅ ሩቁን ሲሮጥ ይሄ ሽማግሌ አጋዘን ደጃፍ ላይ ይተኛል። የመኪናውን በር ድምፅ ያዳምጣል፤ ሁሉም አልፈውት ሲሄዱ ተነስቶ ቁርሱን ይበላል" አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። የአደን ጓደኛቸው ጋሽ ሃርላንማ አብረዋቸው ማደን ከጀመሩበት ዘመን አንስቶ መስደብ እንጂ ማመስገን የት ያውቁና! "ኦርቪል፣ ዘንድሮ የምታድነው ሽንት ቤት የሚገባውን ነው? እኔ ስመጣ እንዳትወረውር አደራ" ብለው ማቆሚያውን በሳቅ አናጉት። አባባም "አንተን ለመለየት ማየት አያስፈልገኝም፤ ንፋሱ ወደ እኔ ነው" ብለው መለሱ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው የዚያን ቀን ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሁሉም ወደ ረግረጉ ከገቡ በኋላ ዘግይተን መጣን። አባባ የወደቀ ግንድ ተደግፈው ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው ሆንኩ። ረፋዱ ላይ፣ እንዳሉት፣ አጋዘኑ ከቁጥቋጦው ውስጥ ተነሳ። ቀንዱን አይቼ ትንፋሼ ቆመ። አባባ ሳቡ። ቀስቱ ወጣ፤ ግን ጉልበት አልነበረውም፤ ከትከሻው ወደ ኋላ አረፈና ሆዱን መታው። አጋዘኑ ጎበጥ ብሎ ቀስ እያለ ሄደ። ቀስቱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ወድቆ ስናነሳው ፈርስ ፈርስ ይሸታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አይነገርም። ሆዱን የተመታ አጋዘን ካልነኩት ቅርብ ተኝቶ እዚያው ይሞታል፤ ከተከተሉት ግን ያለ የሌለ ነፍሱን ይዞ ይሮጣል። እስከ ማታ ድረስ ትቶ መሄድ ነው። ይህን ያስተማሩን እሳቸው አይደሉም? ይህን ሕግ የጣሰ ሰው እቤታችን ገብቶ ከማዕዳችን አይቀርብም ነበር እኮ።

ያን ጊዜ ግን ከረግረጉ በኩል የሰው ድምፅ መጣ። አዳኞቹ ለምሳ እየወጡ ነው። አባባ እንደ ሌባ ዞር ዞር ብለው አዩ። "ይወስዱብኛል" አሉ። "አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ" አልኳቸው። "አሁን በዚህ በኩል ሲወጡ ይረግጡታል፤ ወይ የራሳቸውን የአደን ፈቃድ ካርድ ቀንዱ ላይ አስረው የእኛ ነው ይላሉ። የመጨረሻዬ ነው ዱዌይን። ይሄን አይወስዱብኝም!" ብለው ተነሱ። እጅጌያቸውን ያዝኩ፤ መነጨቁኝ። እንደዚያ ያለ ዓይን አባባ ላይ አይቼ አላውቅም እቴ፤ ፍርሃት ነበር። ብዙም ሳንሄድ አጋዘኑ ከፊታችን ተነስቶ መንገዱን ተሻግሮ ረግረጉ ውስጥ ገባ። ደሙም እዚያው ተቋረጠ። አባባ መንገዱ መሐል ቆመው ቀሩ። "ምን አደረግሁ?" አሉ፤ እኔን ግን አልነበረም የጠየቁት።

አሁን ጉዱን ስሚ። እነዚያ ይወስዱብኛል የተባሉት ሰዎች ነገሩን ሲሰሙ ማማቸውን ትተው፣ ቅዳሜያቸውን ሰውተው፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ፈለጉልን። ያ ባለ ካሜራው እንኳ ካሜራውን መኪናው ውስጥ ቆልፎ መጣ። እኔ በሐሜቴ አፈርኩ። መሸብን። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሃርላን አጋዘኑን ውሃ ውስጥ ወድቆ አገኙት። ያን ሰሞን ገና ሙቀት ነበር፤ ሆዱ ተነፍቶ ሥጋው ሸቷል። ቀበሮም ጀምሮታል። ማንም አልነካውም፤ አባባ እስኪመጡ ድረስ ዙሪያውን ቆመው ጠበቁ። አባባ ተንበርክከው ካርዳቸውን አውጥተው ቀንዱ ላይ አሰሩ፤ ያቆሰለ ሰው ሥጋ አገኘም አላገኘም የአደን ወቅቱ በዚያው ያበቃል፤ ይህ የእሳቸው ሕግ ነው። ቋጠሮው ለጣቶቻቸው አልያዝ ብሎ ሲቸገሩ ከዚያ ሁሉ ወንድ አንዱም ልርዳዎት ለማለት አልደፈረም። ቀንዱን ግን ንክች አላደረጉትም፤ ትተውት መጡ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ምን አሉኝ መሰለሽ? "ሃርላን አልሰደበኝም። አየኸው አይደል? እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ 'አይዞህ' አለኝ። ሃርላን ካዘነልኝ እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው።" ልስቅ ብዬ አየኋቸው፤ አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ ደጋናቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቆጥ ላይ ሰቀሉት። ምግብ ሲቀርብላቸው ይነካኩና "ጠግቤያለሁ" ይላሉ። ጋሽ ሃርላን ለቁርስ ሊወስዷቸው ደጅ ሲመጡ "ተኝቷል በለው" ይሉኛል፤ ቁጭ ብለው! ቀጥሎ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መኪናቸውን አስነስተው የሚሄዱበት ጠፋኝ። ተከትዬ ብሄድ መኪና ማቆሚያው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ደጋን የለ፣ ምን የለ። "ምን እየሠሩ ነው አባባ?" ብላቸው "ንፋሱን እያየሁ" አሉኝ።

ለካ ሥራ ይዘዋል። መትቻለሁ ብሎ እየሮጠ የሚወጣ አዳኝ ሲያዩ መስታወታቸውን ዝቅ አድርገው "የቱ ላይ መታኸው? ቀስቱን አሽትተኸዋል? ቁጭ በል፣ ልጄ፤ አትከተለው" ይላሉ። ብዙዎቹ ይሰሟቸዋል፤ መኪናው ውስጥ ገብተው አብረዋቸው የሚጠብቁም አሉ። ትናንት ግን አንዱ ዋልጌ "እርስዎስ ያን ቀን ጠብቀው ነበር እንዴ?" አላቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጥርሱን ላረግፍለት ስወርድ አባባ ክንዴን ያዙና "ተው። እውነቱን ነው" አሉኝ። መስታወታቸውን ዘጉ። እጃቸው ክንዴ ላይ ምን ያህል እንደቀለለ ልነግርሽ አልችልም።

ወደ ቤት ስንመለስ ድንገት "ማርሊስ እዚህ ብትኖር ኖሮ ታስቀምጠኝ ነበር" አሉ። የመጀመሪያ አጋዘንሽን የመታሽ ቀን ልከተል ብለሽ እየተንሰቀሰቅሽ ስታለቅሺ ጉቶ ላይ አስቀምጠውሽ እስኪመሽ እንዳላስነሱሽ አነሱልኝ። "ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ቁጭ በሉ ስትል የማይቀመጥ የለም፤ እኔም ጭምር" አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ እጅጌ ብይዝ ተመነጨቅሁ፤ አንቺን ግን መንጭቀውሽ አያውቁም። ቅር አላለኝም፤ ብቻ ከበደኝ እቴ። ልቤ ፈራ። እህል ካልቀመሱ፣ ወዳጅ ካልተቀበሉ ይህን ክረምት እንዴት ይወጡታል?

ስልክ ስትደውዪ ደህና ነኝ ይሉሻል፤ አትመኛቸው። ስለ አጋዘኑም አታንሺባቸው። እኔ ነገርኳት ብትዪ ደግሞ ከቤት መውጣቴ ነው፤ የማድረው ጋሽ ሃርላን ጋራዥ ውስጥ ይሆናል።

ኢየንን ሰላም በይልኝ፤ በጎቹን ለጎረቤት አደራ መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ። ፊዮናን ሳሚልኝ፤ ስትሄዱ የሸለምኳት ኮፍያ አሁን ጠቧት ይሆናል። ትንሹን ካላምን አያትህ ቀስት አወራወር ሊያስተምርህ ይፈልጋል በይው፤ አላሉም፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ ግን ሲያዩት ማለታቸው አይቀርም። ቦኒ በብዙ ናፍቆት ትስምሻለች። ጋሽ ሃርላንም "ያቺ እልኸኛ ትምጣና ይሄን ሽማግሌ ትገላግለኝ" ብለውሻል፤ አንቺን መስደባቸውን አልተዉም፣ ተመስገን ነው። ላንቺ ግን ሰላምታ አልልክም እቴ፤ ልመና ነው የምልከው። መቼም አንድ ቀን አባባ አረፉ የሚል ስልክ ሲመጣልሽ፣ በዚያው ዕለት ተነስተሽ ትኬት መቁረጥሽ አይቀርም። ያን ለቀብራቸው የምትቆርጪውን ትኬት አሁን ቁረጪው።

ወንድምሽ ዱዌይን
ስፕሩስ ሌክ፣ ዊስኮንሲን
ኖቬምበር 3 ቀን 2006