ጀቶንህን ከደቻቱ አሸዋ ስፈልግ

ደምስዬ፣ የት እንደተኛህ የማላውቀው ባሌ፣

ደቻቱ ወንዝ ከወሰደህ እነሆ ዓመት ሊሞላ ነው። መቃብር ቢኖርህ ኖሮ ይህን ሁሉ ድንጋይህን ተደግፌ በአፌ እነግርህ ነበር። አሁን የት ብዬ ልምጣ? ወረቀት የያዝኩት ቸግሮኝ ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ ራስህን ውቀስ።

ቤታችን እንደነበረ ነው ብዬ አልዋሽህም። የጓሮው ፓፓያ ፍሬው ከብዶት ተገንጥሏል። ፍየሏ ወልዳ ነበር፤ ግልገሏን ለወዳጃችን ለሐዋ ሰጠኋት። በሙቀቱ ጊዜ ግቢ የምናወጣቸውን ሁለት አልጋዎች አሁንም ሁለቱንም አወጣለሁ፤ ያንተንም አነጥፈዋለሁ። ጎረቤት አይቶ ከንፈሩን ይመጣል፤ ይምጠጥ። ጠዋት የባቡሩ ጋራዥ ጡሩምባ ሲነፋ ተነስ ልልህ አፌን እከፍትና ያልተነካውን አንሶላ አያለሁ። የምቆጣው ልጅ እንኳ የለኝ።

ያቺን እሑድ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንዳመላለስኳት አትጠይቀኝ። ዋሂል መንደር ያለው ወዳጅህ ዓሊ ልጁን ሲድር ጠርቶህ ሄድክ፤ አድሬ ሰኞ ረፋድ ላይ እመጣለሁ አልከኝ። እኔም አንተ የለህም ብዬ በጊዜ ጋደም አልኩ። ድሬ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ የዘነበው ከላይ፣ በሐረር በኩል ተራራው ላይ ነው። ወንዙ ሲያጓራ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እሰይ፣ ዛሬስ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ። አንተን ይዞ ሲወርድ እኔን ተመቸኝ፤ ይህን ለማን እነግራለሁ?

ያየችህ ሐዋ ናት። መጋላ ሰፈር ጫፍ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ስኳርና ጨው የምትቸረችረው፣ አንተ እህቴ የምትላት ሐዋ። ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለህ፣ ጫማህን በአንድ እጅህ፣ ሰርግ ቤት የቋጠሩልህን ሐልዋ በሌላ እጅህ ይዘህ ያን ማታ ወንዙ ውስጥ ስትገባ ጮኸችብህ። መሐል ላይ ነበርክ። ሐልዋውን ከፍ አድርገህ አሳየሃት፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ ብቻ ነው ያየችው። ወንዙ ከተማውን ለሁለት ከፍሎት ስላደረ እስኪነጋ ልትሻገር አልቻለችም። ጡሩምባው ሲነፋ እሷ ገና በሬን እያንኳኳች ነበር። ሐልዋው ለእኔ መሆኑን አውቃለሁ። ሐልዋ እስከ ማግስቱ አይበላሽም ነበር እኮ ደምስዬ። ለምን አላደርክም? ምን አጣደፈህ?

የጋራዥ ባልደረቦችህ ውኃው በረሃ ገብቶ እስከሚጠፋበት ድረስ ወርደው ፈለጉህ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አስከሬን ስለሌለ ኮትህንና ጋቢህን አልጋ ላይ አስተኝተን፣ ድንኳን ውስጥ ለኮት ተለቀሰ። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እኔ የኮትህን ሦስተኛ ቁልፍ አይ ነበር፤ ላልታ ነበር፣ አልሰፋሁልህም ነበር። የነፍስ አባታችን ፍትሐት ደርሰውልሃል። የት እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያ ይበቃል አሉኝ። እግዚአብሔር ያውቅ ይሆናል። እኔ ግን አላውቅም፤ አልበቃኝም።

የሙሴን መጥበሻ ታስታውሳለህ አይደል? ከዚራ ሰፈር ብስክሌት የሚጠግነው ግሪካዊው ሽማግሌ፣ ሙሴ፣ ከጦርነቱ የተረፈ የፈንጂ መፈለጊያ ገዝቶ እሑድ እሑድ ደቻቱን ሲያስስ፣ ከተማው ሁሉ ይስቅበት ነበር። ረጅም እንጨት፣ ጫፉ ላይ እንደ መጥበሻ ያለ ክብ ነገር፣ ጀርባው ላይ የባትሪ ድንጋይ የታጨቀበት ሣጥን፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ። ለጨዋታ ነው፤ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል። ሙሴ የምድርን ሆድ ያክማል ትል ነበር አንተ። አንድ ቀን እሱ ዞር ሲል ጀቶንህን፣ ያቺን የጋራዡን የሥራ መግቢያ ምልክት፣ ከወገብህ ፈትተህ አሸዋ ውስጥ ቀበርክበት። መሣሪያው ሲያፏጭ ሙሴ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጭሮ ጭሮ አወጣት፤ ክብ ነሐስ፣ ሰባ አራት ቁጥር የተመታባት። የነገሥታት ገንዘብ ያገኘ መስሎት በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ወደ ፀሐይ አነሳት። ቀምተኸው ወገብህ ላይ ስታስራት ጊዜ እኔ ከሳቅ ብዛት አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ሙሴ ሳምንት አኮረፈህ።

ያ ቀን ነው ትዝ ያለኝ። ሥጋህን ውኃ ወስዶት ይሆናል፣ አሞራ በልቶት ይሆናል፤ ጀቶንህ ግን ነሐስ ናት፣ አትበሰብስም። ማታ ከጋራዡ ሰሌዳ አንስተህ በሲባጎ ወገብህ ላይ ታስራታለህ፣ ጠዋት ሥራ ስትገባ ምስማሯ ላይ ትሰቅላታለህ። እሷ ካለችበት አንተም አለህ ብዬ ወደ ሙሴ ሄድኩ። ጉልበቱ ደክሞ መሣሪያው አቧራ ለብሶ ነበር። አቧራውን በእጅጌው ጠረገው። እንደ ልማዱ በተሰባበረ አማርኛው እኔን አንተ አንተ እያለ፣ ግቢ እንደሚጠርግ ሰው ቀስ ብለህ አወዛውዝ፣ አትቸኩል፣ ምድር የሚቸኩል ሰው አትወድም ብሎ አሳየኝና ጀርባዬ ላይ አሰረልኝ።

ከዚያ በኋላ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደቻቱ፣ በዓል ከሆነ ደቻቱ፣ በኋላማ ማንኛውም ቀን ደቻቱ ሆነ። የከል ቀሚስ ለብሳ ማዳመጫ የደፋች ሴት ድሬ አይታ አታውቅም። ግመል ነጂዎቹ ቆመው ያዩኛል። አንዷ ጎረቤታችን፣ ስሟን አልጠራልህም፣ አስካለ ለቀቀች ብላ አስወራችብኝ። እኔም ገበያ መሐል፣ አንቺ የባልሽን መቃብር የሚያሳይሽ ድንጋይ አለሽ፣ እኔ የለኝም፣ ስለዚህ አፍሽን ሰብስቢ አልኳት። ሰበሰበች።

ወንዛችን ሆዱ ውስጥ የማይዘው ነገር የለም። የሐዲድ ብሎን፣ የጥይት ቀለህ፣ የሰርዲን ጣሳ፣ የበቅሎ ጫማ አወጣሁ። መሣሪያው ባፏጨ ቁጥር ተንበርክኬ እጭራለሁ፤ ጣሳ ይወጣል። አንድ ቀን የአንዲት ሙሽራ የብር አምባር አገኘሁ፤ ሐዋ ባለቤቷን አፈላልጋ ብትሰጣት ልጅቷ መጥታ እጄን ሳመች። ከዚያማ ቀለበት የጠፋው፣ ቁልፍ የጠፋው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የሁሉንም አገኛለሁ። የአንተን ብቻ ነው ማግኘት ያቃተኝ። ብታየኝ ትስቅ ነበር፤ አሁንስ አንቺ ራስሽ የምድር ሐኪም ሆንሽ ትለኝ ነበር።

የዕድራችን ዳኛ ሙት ዓመቱ ደርሷል፣ ተዝካሩን እናውጣ፣ ከልሽንም አውልቂ ብለው ሽማግሌ ላኩብኝ። ከእሱ የሆነ አንዲት ነገር አፈር ሳላለብስ አላወልቅም አልኳቸው። ግትር ነሽ አሉኝ። አንተም ትለኝ ነበር፤ አዲስ ነገር አልነገሩኝም።

አሁን የምጽፍልህን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። ባለፈው ሳምንት ተራራው ላይ ደመናው ጠቆረ። እኔ ከታች፣ ሐዋ ያሳየችኝ ቦታ ላይ ነበርኩ። አሸዋ የሚያወጡት ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ሮጡ። ሐዋ ከአፋፉ ላይ ሆና ጮኸች። በኋላ ማዳመጫው ነው፣ አልሰማሁም አልኳቸው። ሰምቻለሁ ደምስዬ። አባዮ፣ አባዮ እያለች፣ በቋንቋዋ እህቴ እያለች ስትጮህ ሰምቻታለሁ። እግሬ እንቢ አለኝ። የት እንደወሰደህ ውኃው ያውቃል፣ ይውሰደኝና እኔም ልወቀው ብዬ ቆምኩ። ሐዋ ያን ሁሉ ሰውነቷን ይዛ ወርዳ በነጠላዬ አንቃ ጎተተችኝ። ገና አፋፉን ስንይዝ ውኃው ከሥራችን አለፈ። ዋላሂ፣ አንድ ሰው ሲሄድ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ አላይም፣ ሱቄን ዘግቼ አገሬ እገባለሁ ብላ አፈር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ተናድጄባት ነበር።

በማግስቱ አበራ መጣ። አንተ አጠገብ ቆሞ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረው አበራ። ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገር ነበር፤ ሐዘኔን መቋቋም አቅቶት ይመስለኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠ። ሳልፈታው በክብደቱ አወቅኳት። ሰባ አራት።

አንተ ራስህ ነበርክ የጋራዡን ጉድ ያወራኸኝ፤ የሚዘገይ ሰው ጀቶኑን ለባልንጀራው እንደሚሰጥ፣ ባልንጀራውም ጠዋት እንደሚሰቅልለት፣ ሁላችሁም እንደምታደርጉት፣ ሁላችሁም እንደምትክዱት። ሰኞ ረፋድ እመጣለሁ ስትለኝ ጠዋት ማን ይሰቅልልሃል ብዬ እንዴት አላሰብኩም? ሐዘን አእምሮ ይነሳል ሲሉ እውነታቸውን ነው። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጡ ለአበራ ሰጥተኸዋል። ሰኞ ጠዋት፣ እኔ በሬን ለሐዋ ስከፍት፣ እሱ ምንም ሳያውቅ ምስማርህ ላይ ሰቅሎልሃል። ሰሌዳው ላይ ደምሴ ሥራ ገብቷል። ወሬው ሲደርስ አበራ ደነገጠ፤ የሌላ ሰው ጀቶን የሰቀለ ከሥራ ይባረራል፣ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ የለውም፤ በግርግሩ አንስቶ ኪሱ ከተታት። እኔ አሸዋ ውስጥ እሷን እንደምፈልግ ሲሰማ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ዓመቱ አለቀ። ሐዋ ከውኃ እንዳወጣችኝ ሲነግሩት ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁ። ፊቱን አላዞረም፤ እንዲያውም አቀረበልኝ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ገብተህ ውኃ ጠጣ አልኩት። ያንተ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ዓመቴን ሰርቆኛል፣ ይቅር አላልኩትም፤ ምናልባት አንድ ቀን እለው ይሆናል። ግን ያኔ ሰኞ ዕለት ቢነግረኝ ኖሮ ምን ፍለጋ ከአልጋዬ እነሳ ነበር? ይህንንም አስቤዋለሁ።

አሁን የባሰው መጣብኝ። ዓመት ሙሉ እዚያ የሌለ ነገር ፍለጋ ነው አሸዋ የጫርኩት። ያን ቀን ወገብህ ላይ ሲባጎ እንጂ ነሐስ አልነበረም። መሣሪያው አንተ ላይ ቢያልፍ እንኳ፣ እግርህ ሥር ቢያርፍ እንኳ፣ ዝም ነበር የሚለው። ስንት ጊዜ በላይህ አልፌ ይሆን?

ሽማግሌዎቹ ሰምተው ተደሰቱ። ጀቶኗን ቤተ ክርስቲያን እንቅበራት፣ ተዝካሩም ይውጣ አሉ። አደርኩበት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንተ የለህበትም። ያለኸው ወንዙ ውስጥ ነው።

ትናንት እሑድ ነበር። መጥበሻውን ተሸክሜ ወረድኩ። ሐዋ ሱቋን ለሰው ትታ አፋፉ ላይ ቆመች፣ ዓይኗ ተራራው ላይ። አንተን መጨረሻ ያየችበት ቦታ ላይ ተንበርክኬ እስከ እጄ አንጓ ቆፈርኩና ጀቶንህን አስቀመጥኳት። የነጠላዬን ጥለት ቀድጄ ጠቀለልኳት፤ አንተን የምገንዝበት ሌላ አላገኘሁም። አሸዋውን መለስኩበት፣ በመዳፌ አስተካከልኩት። አባታችን ሆይ ደገምኩ። ከዚያ ማዳመጫውን ደፍቼ፣ ሙሴ እንዳስተማረኝ ቀስ ብዬ፣ ክቡን በላይህ አሳለፍኩት።

አፏጨ። ያኔ ሙሴን ያሾፍክበት ቀን የሰማሁት ድምፅ ነው። ደጋግሜ አሳለፍኩት፤ ደጋግሞ መለሰልኝ። ዓመት ሙሉ ያልመጣው ዕንባ ያን ጊዜ መጣ። ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ ሐዋም ከላይ ሆና አብራኝ አለቀሰች።

ከሌን ለሙት ዓመትህ አወልቃለሁ። አልጋህን ግን አላስገባም፣ አትጠይቁኝ ብያቸዋለሁ። እሑድ እሑድ እመጣለሁ፤ እዚያው ቦታ ቆሜ ድምፅህን እሰማለሁ። ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ ጀቶንህን እንደሚወስዳት አውቃለሁ። ይውሰዳት፤ አንተን የወሰደበት ቦታ ያደርሳታል። እኔም ውኃው ሲጎድል እንደገና እፈልጋለሁ፣ አሁን በእርግጥ እዚያ ያለ ነገር ነው የምፈልገው። እስካረጅና ጉልበቴም እንደ ሙሴ ጉልበት እስኪከዳኝ ድረስ እፈልግሃለሁ። ሐዋ ስትጮህ ግን እወጣለሁ፤ ይህንን ለእሷም ምያለሁ።

ሚስትህ አስካለ