የሐሙሱ ሊጥ

ሐሙስ፣ ጥር 8
ሐሙስ ነው፣ ፒዛ ነው። ልጄ ከፋርማሲዋ ወጥታ ፒዛ ቤቱ በር ላይ አገኘችኝ። የተለመደው ጠረጴዛ፣ ከምድጃው ፊት ለፊት፣ ጀርባዬ ለግድግዳው። ዕድሜዋን ሙሉ ጉምሩክ ላይ የመንገደኛ ሻንጣ ስትፈትሽ የኖረች ሴት አመሏ አይለቃትም። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ ዓይኔ አልወጣም።

ለየራሳችን አንድ አንድ፣ ሳይቆረጥ። የናፖሊ ጣሊያኖች ደንብ ነው ይላል ጋሽ ዱቄት። ምድጃው ጋ የሚቆመውን ሰውዬ እንዲህ ነው የምጠራው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ከሩቅ እጁን አነሳልኝ።

ግን ዛሬ... ቢላዋ ሳሳርፍበት ሊጡ ተቀደደ። ጠርዙ ገርጥቷል። እነዚያ የምወዳቸው ጠቆር ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች የሉም። ጣዕሙ ደግሞ... ጣዕም የለውም።

"ምን ሆኗል ይሄ?"

"ምን ሆነ? ጥሩ ነው እኮ፣ እማዬ።" ስትመልስልኝ አላየችኝም።

ይሁን። ሰው ነው፣ እጁ ይስታል።

አርብ፣ ጥር 9
ልጄ ደወለች። ክሊኒክ ሄድሽ ወይ? ሄጃለሁ፣ ሐኪሙ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነሽ ብሎኛል አልኳት። ውሸት። የደም ግፊቴ ከፍ ብሏል፣ ክኒን ታዞልኛል፣ አመጋገብሽን አስተካክይ ተብያለሁ። ይህን ብነግራት ምን እንደምትል አውቃለሁ። "ብቻሽን አትኖሪም፣ ወደ እኔ ቤት ነይ።" እምቢ። በገዛ ቁልፌ የገዛ በሬን እየከፈትኩ ነው የምኖረው።

ክኒኑን ባለፈው ሳምንት የማያውቁኝ ሰፈር ሄጄ ነው የገዛሁት። ካርቶኑን ጣልኩ፣ ክኒኑን የመነጽር ማህደሬ ውስጥ ሸጎጥኩ። ስንት ኮንትሮባንዲስት ያስተማረኝ ዘዴ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 15
እንደገና! ያው የተቀደደ፣ ያው ገርጣታ። አልቻልኩም፣ ከተቀመጥኩበት ጮህኩ።

"ጋሽ ዱቄት! ጨው አለቀ እንዴ? ወይስ እጅህ ነው ያለቀው?"

ሰው ሁሉ ዞረ። እሱ አንገቱን ደፋ። አንገቱን የሚደፋ ሰው ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ነገር አለ። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። "በናትሽ፣ እማዬ፣ አታዋርጂው።"

እሷን ምን አስቆረቆራት? ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

አርብ፣ ጥር 16
ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ችግሩ ምላሴ ቢሆንስ? ጠዋት ተነስቼ ከጨው ዕቃው በጣቴ ላስኩ። ጨውዬው ለራሱ ሲል ጣፍጧል። እፎይ... እርጅና ከምላሴ የጀመረኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

እንግዲያው ሌባው እዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 22
ለእኔ ብቻ ይሆን እንዲህ የሚያደርገው? ፒዛው ሲመጣ ልጄ እጇን ልትታጠብ ተነሳች። ቶሎ ብዬ ሳህኖቹን ቀያየርኳቸው። የእሷን ቆርሼ ጎረስኩ።

ያው ነው! ያው ጨው የማያውቀው! ለካ ቤቱን በሙሉ ነው የሚያታልለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ግን... ጎናችን የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ እያጣጣመ ይበላል። ምን አግኝቶ?

ስንወጣ ልጄ ወደ ኋላ ቀረት አለች። ዞር ስል ምድጃው ጋ ተጠግታ ታንሾካሹካለች፣ ጋሽ ዱቄት አንገቱን ይነቀንቃል። ሲያዩኝ ተለያዩ። እነዚህ ሁለቱ ምን አላቸው? ጠየቅኳት።

"ምንም። ሰላም እያልኩት ነው።"

ሰላምታ በጆሮ ነው እንዴ?

እሁድ፣ ጥር 25
ልጄ ቤት መጣች። ሻይ እየጠጣች፣ "ደረጃው አይከብድሽም?" አለችኝ። ይኸው። መጣ የፈራሁት። ከሄደች በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ዞሬ አየሁ፣ እንደሚሰናበት ሰው። የወለድኩትን ልጅ ልጠረጥር?

ማክሰኞ፣ ጥር 27
ብቻዬን ሄድኩ። በማይጠብቁሽ ቀን ካልሄድሽ ምን ታገኛለሽ? ጋሽ ዱቄት ሲያየኝ የፒዛ ማውጫው አካፋ ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

"እትዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው እኮ።"

"ማክሰኞ አይበላም?"

መጣ። ጠርዙ ተነፍቷል፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ብሏል። ቢላዋው አልቀደደውም። ጎረስኩ... ጨው! ሊጡ ውስጥ ጨው አለ! እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ንዴቱ መጣ። ማክሰኞ እንዲህ፣ ሐሙስ እንዲያ? ሐሙስ ምን አለ? ልጄ አለች።

ሄጄ ምድጃው ፊት ቆምኩ። ዝም። ሥራ ላይ ሳለሁም ዘዴዬ ይሄ ነበር፤ ዝም ብለሽ ስታይው ሰው ራሱ ሻንጣውን ይከፍታል። እጁን አራገፈ፣ እንጨት ጨመረ፣ ላቡን ጠረገ... ከፈተ።

"ልጅዎ ናት። ቦርሳዎ ውስጥ ክኒን አገኘች፣ የመነጽር ማህደር ውስጥ። ሥራዋ አይደል፣ ገና ስታየው የምን እንደሆነ አወቀችው። ጨው የሌለው ሊጥ አቡካልኝ ብላ ለመነችኝ።"

እኔን ፈተሸችኝ! እኔን!

"ለምን ፊት ለፊት አልነገረችኝም?"

"እልህ ይይዛትና ጨው በማንኪያ ትበላለች ብላ።"

እውነቷን ነው።

"ጨው የሌለው ሊጥ አልያዝ ይላል፣ እትዬ። ይለጠጣል፣ ይቀደዳል። ሐሙስ ሐሙስ ለብቻው አቦካለሁ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን።"

"ለምን ለሁለት?"

"አንዱ የእርስዎ፣ አንዱ የልጅዎ። ለአንቺስ ደህናውን ልጋግርልሽ ብላት፣ እናቴ የምትበላውን ነው የምበላው አለችኝ።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም ነበር፣ ዛሬ ወጣ። ሰውዬው ለእኔ ሲል ስሙን አበላሸ፣ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ሰደብኩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄው ነው።

"ሰው ፊት ያሉትን ሰው ፊት ያንሱልኝ፣ ሌላ አልፈልግም" አለና ሳቀ።

ልወጣ ስል አንድ ነገር አዘዝኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 28
ልጄ እንቁላል ላይ እንኳ ሁለቴ ጨው የምትነሰንስ ሰው ናት። ያንን ሊጥ እያኘከች "ጥሩ ነው እኮ" ስትለኝ... እንዴት አስችሏት? እኔስ ምን ዓይነት ፈታሽ ነኝ?

ሐሙስ፣ ጥር 29
ሁለቱ ፒዛ መጣ። የእኔ ገርጥቷል። የእሷ ግን ጠርዙ ተነፍቷል። በወሬ ያዝኳት፣ ሳታየው ቆረሰች።

ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች። ወደ ምድጃው አየች፣ ጋሽ ዱቄት ጀርባውን ሰጥቶ እንጨት ይደረድራል። ከዚያ እኔን አየች። በደንብ አየችኝ። እኔ በቢላዋዬ ሥራ ላይ ነኝ።

"እማዬ... ያንቺ እንዴት ነው?"

"ጨው የለውም" አልኳት። "ሐኪሙም ያዘዘው እንዲሁ ነው።"

ሹካዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ሞላ። "ቦርሳሽን እኮ እኔ..."

"አውቃለሁ። ፍተሻሽ አይታማም፣ ዚፑን እንደነበረ ነው የዘጋሽው።"

እየሳቀች አለቀሰች። እኔም አፍንጫዬን በናፕኪን ያዝኩ።

"ግን ወደ አንቺ ቤት አልገባም። ቤቴን አልለቅም። እሱን እንዳታነሺብኝ።"

"መች አልኩሽ?"

መች አለችኝ? ስንት ዓመት ያልጠየቀችኝን ስመልስላት ኖሬያለሁ... ነይ ያለችኝ አንድ ቀን ትዝ ሊለኝ አልቻለም። ስለ ደረጃው ጠየቅኳት። መወጣጫ ላይ መያዣ ብረት ልታስገጥምልኝ ኖሯል።

ተነስቼ ቆምኩ። "ጋሽ ዱቄት! ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ አንስቻለሁ! እጅህ ይባረክ!" ሰው ሁሉ ዞረ። ወፍራሙ ሰውዬ አጨበጨበ። ጋሽ ዱቄት አንገቱን ደፋ፣ ዛሬ ግን እየሳቀ።

የእኔን ጨረስኩ። እስከ ጠርዙ። አይጣፍጥም፣ እውነቱን ልጻፍ፣ አይጣፍጥም። እሷ የራሷን እንደ ተራበ ሰው ትጎርሳለች።

"ማክሰኞ ክሊኒክ ቀጠሮ አለኝ" አልኳት። "አብረሽኝ ትመጫለሽ?"

አፏ ሙሉ ነበር። በአንገቷ እሺ አለችኝ።