የሲስተር ሚልዳ ሸክላዎችና የሀቢቾው ላት

እኔ ተክለጊዮርጊስ ወንዳፈረው፣ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በከምባታና ሐዲያ አውራጃ፣ የሆሳዕና ከተማ ነዋሪ፣ ቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ዛሬ ጡረተኛ፣ በየካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ሰጥቻለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። ጉበቴ ሐኪሙ እንዳለው ሙሉ አይደለም፤ ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው ስለ አእምሮ ብቻ ስለሆነ በጉበቴ ምክንያት ኑዛዜው አይፈርስም።

ቃሌን የሚጽፈው በወንበሬ የተተካው አቶ ዋለ ነው። ፊደሉ ያማረ፣ ትዕግሥቱ ያጠረ ሰው ነው።

በመጀመሪያ፣ ይህ ቤት ከነግቢው የልጄ የገነቴ ይሁን። እናቷን አስታምማለች፣ እኔንም ስታስታምም ተነጫንጫ አታውቅም፤ ወይም ስትነጫነጭ እንዳልሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች። ቤቱ አንድ ግዴታ አለበት። ምክንያቱን ከታች ስለምገልጽ አሁን አታቋርጡኝ፦ ከአቶ ሁሴን ግቢ የሚለየንን የቁልቋል አጥር ማንም ነቅሎ በግንብ እንዳይተካው።

በሞርሲቶ መንገድ ያለው የባሕር ዛፍ መሬት የልጄ የአክሊሉ ይሁን። አክሊሉ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር፣ «አባባ፣ ማጫወቻውን ብቻ ስጠኝ፤ ሸክላዎቹን ለወደደ ስጥ» ይለኛል። ጓደኛው ቡና ቤት ሊከፍት ነው። አክሊሉ ሆይ፣ ማጫወቻውን አታገኝም። የምታገኘው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ከታች አለ።

ወደ ሸክላዎቹ እመጣለሁ። ክርክር እንዳይነሣ፣ ሸክላ ስል የሚያዘፍኑትን ጥቁሮቹን ማለቴ ነው። ገንቦና ምንቸቱ ከቤቱ ጋር ለገነቴ አልፏል።

እነዚህ ሸክላዎች የሲስተር ሚልዳ ነበሩ። ሲስተር ሚልዳ በዚህ ከተማ ክሊኒክ ያገለገለች የላትቪያ አገር ነርስ ናት። ዋለ እዚህ ላይ ብዕሩን አነሣ።

«ጋሼ፣ እንዲህ የሚባል አገር በካርታው ላይ የለም። ራሺያ ልበለው?»

«ከካርታ ስለወጣ ነው ኑዛዜ ውስጥ የማስገባው። ላትቪያ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ጽፏል።

አገሯን በጦርነቱ ዘመን ጎረቤት ውጦባት፣ ከስደተኛ ሰፈር ወደ ስደተኛ ሰፈር ስትንከራተት ቆይታ እኛ ዘንድ ደረሰች። ሻንጣዋ ሲከብድ ልብስ ነው ብለን ነበር። ሸክላና የኖታ ወረቀት ኖሯል። እሷ ሸክላ ነበራት፣ ማጫወቻ የላትም፤ እኔ ማጫወቻ ነበረኝ፣ ሸክላዬ ግን ተፍቆ ተፍቆ ከዘፋኙ ይልቅ መርፌው የሚሰማ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት መምጣት ጀመረች። አማርኛዋ ሁሉ ከበሽተኛ ጋር የተማረችው ስለሆነ ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ዋጥ፣ ተኛ፣ አሳይ። ሸክላውን አስቀምጣ፣ «ዝም በል፤ ስማ» ትለኝ ነበር። ለባለቤቴ ለአስካለችም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያንኑ «ዝም በል» ትላት ነበር፤ ሴትና ወንድ አትለይም።

የሰማነውን እንዴት ልግለጸው? አንዱ የፒያኖ ጨዋታ በቆርቆሮ ላይ ማካፋት እንደጀመረ ዝናብ ነው፤ ሊዘንብ ነው ብለህ ልብስ ልታስገባ ስትነሣ ያቆማል። አስካለች በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ እሱን ብቻ ነበር የምትጠይቀው። ሌላው ብዙ ሰው በኅብረት የሚዘምረው ነው፤ ከመጀመራቸው በፊት ሲተነፍሱ ይሰማል። የደራሲዎቹን ስም በየሸክላው ልባስ ላይ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። በዓለም ላይ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው፤ በሆሳዕና የሚያውቃቸው እኔ ነበርኩ።

ከሁሉ በላይ የምትወደው በአገሯ ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ሰሞን እሳት አንድደው የሚሉት ዘፈን ነው፤ በየስንኙ መጨረሻ «ሊጎ፣ ሊጎ» ይላል። ትርጉሙን ብጠይቃት አልመለሰችልኝም። መስከረም ላይ በሐዲያ ዘመን መለወጫ የሰፈሩ ልጆች ችቦ ይዘው «ያሆዴ» እያሉ በደጃችን ሲያልፉ ግን ክንዴን ይዛ ወደ በር ጎተተችኝ። «ስማ። እሱ ነው» አለች። ከዚያ በላይ የተብራራ ትርጉም እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ስትሞት ኑዛዜ አልነበራትም። ኑዛዜ ሲጽፍ የኖረ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ አንድ መስመር እንኳ አላጻፈችኝም። ሻንጣውን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ብቻህን አትስማ» አለችኝ። ይኸውም ትእዛዝ ነበር።

እንዴት እንደፈጸምኩት ልናገር። በየእሑዱ ሰው ጠራሁ፤ ሰው መጣ፤ የሽንብራው ቆሎ ሲያልቅ ሰውም አለቀ። አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ እስከ መጨረሻው ቆይቶ፣ «ሬሳው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ሬዲዮ ጻፍኩ፤ በታወቀ ቋንቋ የተዘፈነ እንድልክ መለሱልኝ። መምህርት ጣቢታ የጸሎት ቤታቸውን መዘምራን አስተባብራ ዜማውን አስጠናች። ሽማግሌዎቹ «ሊጎ» በየትኛው የመጽሐፍ ክፍል እንደሚገኝ ጠየቋት፤ የትም ስላልተገኘ ቀረ። እኔም እያረጀሁ ሄድኩ። ሌሊት ከጉበቴ ይልቅ ይህ ያስጨንቀኝ ነበር፦ እኔ ስሞት አክሊሉ ማጫወቻውን ይወስዳል፣ ሸክላዎቹ ይሰበራሉ፣ ያች ሴት ከሻንጣዋ ጋር ሁለተኛ ትቀበራለች።

አሁን ግን እፎይ ብያለሁ። የሆነው እንዲህ ነው።

ባለፈው ጥር ጎረቤቴ ሁሴን ሚስቱ አሚና እህቷን ስለዳረች ወደ ሀቢቾ መንደር በጭነት መኪናው በትሬንታ ኳትሮው ሄዶ ተመለሰ። ሲመለስ በቀጥታ እኔ ዘንድ ገባ።

«ጋሼ፣ ያንተን ዘፈን ሀቢቾ ሰማሁት።»

«ማን አጫወተው?»

«ማን ያጫውታል? በአፋቸው ነው እንጂ። በጉ ታርዶ ላቱ በትሪ ሲገባ ሴቶቹ ተነሥተው ‹ሊጎ ሊጎ› እያሉ ተቀበሉት።»

«ለምን ላቱን?»

«የላት ዘፈን ነዋ። አንተው አይደለህ እንዴ በሄድክበት የላት… የላት ምናምን ዘፈን ነው ስትል የኖርከው?»

አሚናን አስጠራኋት። ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ አጥራችን አንድ ነው፤ ጆሮ ክዳን የለው። እንሰት ስንፍቅ አወጣዋለሁ፣ ሌሎቹ ይቀበሉኛል። ሥራ ያቀላል። ከሾኔ የመጡትም ይዘውት ሄደዋል። ክፉ ነገር ነው እንዴ?»

«አይደለም። እስቲ በይው» አልኳት።

አለችው። የማላውቀው ዜማ መሰለኝ። ቆይቶ ገባኝ፦ በቁልቋሉ አልፎ ማዶ የሚደርሰው የወንዶቹ ወፍራም ድምፅ ብቻ ኖሯል። አሚና ከሥር የሚይዘውን ዋና ዜማ ነው ብላ ተምራዋለች፤ በላዩም የራሷን ጨምራበታለች። በሀቢቾና በሾኔ የሚዘፈነው የላትቪያ ሙዚቃ የታችኛው ግማሽ ነው። ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር። «ዝም በል፤ ስማ» ያለኝ ሰው ያለ መሰለኝና ዘጋሁት።

እኔ በንባብና በማብራሪያ ያልቻልኩትን አጥርና የበግ ላት ፈጸሙት። ስሙንም ሳሰላስል አልከፋኝም። የላት ዘፈን፤ ሰሙ የበግ ነው። ወርቁ የሚልዳ ነው፦ አገር የላት፣ ዘመድ የላት፣ ዘፈን ግን አላት።

ስለዚህ ማጫወቻውና ሸክላዎቹ፣ መርፌ ሲጠፋ የምንጠቀምበት የግራር እሾህ ከነቆርቆሮው ጭምር፣ የሁሴንና የአሚና ይሁኑ። ሁሴን ለምስክርነት ተጠርቶ ነበር፤ ምስክር ወራሽ መሆን እንደማይችል ስነግረው፣ «እንግዲያው አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ከአግዳሚው ተነሣ። ወንድሙ አብዱራህማን ተተክቷል። ሸክላዎቹ ተጠብቀው እንዲቀመጡ አላዝም። ይጫወቱ፣ ይፋቁ፣ ቢሰበሩም አልቀየምም፤ ካለቁ በኋላ የሚዘፍን ሰው አለና።

የኖታው ወረቀት የመምህርት ጣቢታ ይሁን። የላይኛው ግማሽ እዚያ አለ። አንድ ቀን ከአሚና ጋር ቢገናኙ ሙሉ ይሆናል።

አክሊሉ፣ ያ የቆርቆሮ ዝናብ የሚመስለው የእናትህ ሸክላ የአንተ ነው። ስንጥቁን ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሳለህ ተቀምጠህበት ነው። አሁንም ይሠራል፤ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ አንዴ ይዘላል። ማጫወቻ ስለሌለህ እሱን ለመስማት ሆሳዕና መምጣት፣ ሁሴን ቤት መግባት፣ ከእኅትህም ጋር መቀመጥ ይኖርብሃል። ይህን ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው።

በተዝካሬ በግ ይታረድ። አሚና የኛን ሥጋ እንደማትበላ አውቃለሁ፤ እንድትበላም አልጠይቅም። ላቱ ሲገባ ግን ከአጥሩ ማዶ ሆና የምትለውን ታውቃለች። አጥሩ እንዳይነካ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ይህ ቃሌ በምስክሮቹ ፊት ተነቦልኛል፤ ያልኩት ሁሉ ገብቶበታል፣ ያላልኩት አልገባበትም። ከዚህ በኋላ የምናዘዘው የለኝምና ቆሎው ይቅረብ።

የተናዛዡ ፊርማ፦ ተክለጊዮርጊስ ወንዳፈረው

ምስክሮች፦
አቶ ጠና ሀንዳሞ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ፊርማ
አቶ ኃይለመለኮት አክሊሉ፣ ጡረተኛ፣ ፊርማ
አቶ አብዱራህማን ኑር፣ ነጋዴ፣ ፊርማ
ወይዘሮ ሀዋ ሱልጣን፣ የጣት አሻራ

የጸሐፊው ማረጋገጫ፦ ይህ ኑዛዜ ስርዝ ድልዝ የለውም። የአገሩ ስም መጀመሪያ በተጻፈበት ቦታ መስመር አልቆብኝ «ላት» ከላይ ቀርቶ «ቪያ» ወደ ታች ወርዷል። ሰርዤ አንድ ላይ ልጻፈው ብላቸው ተናዛዡ ወረቀቱን ተቀብለው ካዩ በኋላ፣ «ተወው፣ እንደ አጠራሩ ነው» ብለው ፈርመዋል። ዋለ ገብረየስ፣ ፊርማ