በይሉኝታ ያመለጠኝ ወንበር

ሰኞ፣ የካቲት 30። ማታ።
ሱቅ ዘግቼ ከጀርሚስተን ገባሁ። እግሬ አብጧል። ልጄ ሳሮን የሂሳብ ደብተሯን ዘርግታ ቁጭ ብላለች። ባዶ ነው። የሂሳብ መምህሩ ከለቀቀ ወር አለፈው፤ በሱ ክፍለ ጊዜ ስዕል ይስላሉ አሉ። ስድስተኛ ክፍል!

ባሌ ታምራት ቆርጧል፦ የትምህርት ተርሙ ሲያልቅ አስወጥቶ የአበሻ ልጆች ወደሚሄዱበት የግል ት/ቤት ሊወስዳት ነው። ከሞባይል ሱቅ በላይ ያለ ፎቅ። ግቢ የለው፣ ቤተ መጻሕፍት የለው። ተማሪዎቹ ግን ክራቫት ያስራሉ። ክራቫት ሂሳብ ያስተምር እንደሆን እንጃ።

ስሚኝ ደብተሬ፣ የኛ የመንግሥት ት/ቤት ጉዱ ብዙ ነው። ልጆቹ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጠቅጥቀው ነው የሚማሩት። ሽንት ቤቱን አታንሺው። ግን ሚስ ዛኔሌ አለች፣ ልጄን የአገሩን ቋንቋ ዙሉን ከነተረቱ ያስተማረች። ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮም ጾም መሆኑን ሰምታ፣ ዓሣ በሚቀርብበት ቀን ለሳሮን ባቄላ ለብቻ ታስቀምጣለች። ማንም አላዘዛትም። ይሄን ጥዬ ለክራቫት? አላደርገውም!

ረቡዕ፣ መጋቢት 2። ማታ 3 ሰዓት።
ወይ ውርደት!
የወላጅ ኮሚቴ ምርጫ ነበር። መምህር ሲቀጠር አስተያየት የሚሰጠው፣ ትምህርት ቢሮን የሚነዘንዘው ይሄ ኮሚቴ ነው። የሂሳብ መምህር ከመጣ በዚህ በኩል ነው። ጎጎ ኖምሳ፣ የሳሮን ጓደኛ አያት (ጎጎ አያት ማለት ነው)፣ እጇን አወጣችና ማማ ሳሮን፣ ማለትም እኔ፣ ትመረጥ አለች። ልቤ ዘለለ። ታዲያ ምን አልኩ? እንደ ወጉ አንገቴን ሰብሬ፣ ኧረ እኔ አልችልም፣ ከኔ የተሻለ ሰው አለ። በዕድርም በሰበካም እንዲህ ነው የሚባለው! ሰው ደግሞ አይሆንም፣ አንቺው ነሽ ይላል። ተለምነሽ ተለምነሽ፣ ከዚያ እሺ።

ሰብሳቢው አመሰገነኝ። ስሜን ሰረዘ። ቀጥሎስ ማን አለ፣ አለ።

ጎጎ ዞራ አየችኝ፣ የናቅኋት መስሏታል። ኋላ የተቀመጠ ሰውዬ ደግሞ፣ የውጭ ሰዎች ልጃቸውን ማስገባት ያውቃሉ፣ ሥራ ሲመጣ የሉም አለ። አንገበገበኝ። እውነት አስመሰልኩለት እኮ!

ደግነቱ ታክሲ ሳያልቅ ብሎ ሰዉ እየወጣ ሄደ። ድምፅ የሚሰጥ ስላልሞላ፣ ጥቆማውም ምርጫውም ቅዳሜ እንደ አዲስ ይደረግ ተባለ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3። ሱቅ ውስጥ።
ለታምራት ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣ በሰው አገር ምን አገባሽ፣ ዝም አይነቅዝም አለኝ። ምን አገባኝ? ልጄ የምትውልበት ቤት እኮ ነው! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አልኩት። ሳሮን ግን ትናንት ማታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ ማሚ ፕሊስ፣ ሚስ ዛኔሌን አታስጥዪኝ አለች። አለቀስኩ። በንዴት ነው።

ዛሬ ጠዋት ትሮይቪል ሰፈር ጎጎ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ወጋችንን አስረዳኋት። እየሳቀች፣ እኛ ጋ አይሆንም ያለ አይሆንም ብሏል አለችኝ። ቅዳሜ ደግማ ልትጠቁመኝ ቃል ገባች። የዚያን ጊዜ አፌን እይው!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5። ት/ቤቱ አዳራሽ።
ጎጎ የለችም። ጉልበቷ ተነሥቶባት ክሊኒክ ናት፣ አሁን ደወለች። ሳሮን አጠገቤ። ታምራት ሳይቀር መጥቶ በር ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

ጥቆማው እየተካሄደ ነው። ስሜን የሚያነሣ የለም። አንድ ቦታ ቀርቷል። ያ ሰውዬ ከኋላ ያየኛል።

ራሴን ራሴ ልጠቁም? በኛ ነውር ነው። ዓይኗን በጨው ያጠበች ይሉኛል። እናቴ ብትሰማ ምድር ትዋጠኝ ትላለች።

ይበሉኝ። ታጥቤያለሁ! ሰብሳቢው ሌላ ሰው የለም ወይ ይላል። ወረቀቱን ሊያጥፍ ነው። አለ እንጂ! ማንም ባይለምነኝ፣ እጄን ላወጣ ነው፣ ሳሮን፣ እስክሪብቶውን ያዢልኝ